ለጤዛ አንድ ኪሎ ተቀንሶልኛል

ለተከበሩ ቡዋና ሄዝሮን ላንጋት
የካፕሲሞሪ ሻይ ፋብሪካ የሠራተኞች ጤናና ደኅንነት ኃላፊ
ኬሪቾ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሌሊቱን ሳይገላበጡ አድረው፣ በወፍ ድምፅ ነቅተው፣ ቁርስዎንም በቁርስ ሰዓት በልተው እንደሚያገኝዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና ላሞችዎ ደህና ይሁኑልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ ያለሁትም በብዛት ነው።

ማንነቴን ለማስታወስ እንዳይቸገሩ፣ ታፕኪገን ማሪቲም እባላለሁ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ባሌ ከሞተ ቆይቷል። ቅጠሉ ሌሊቱን ሲጠወልግ በሚያድርበት ረጅሙ አዳራሽ ውስጥ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ንጋቱ አንድ ሰዓት፣ ቅጠል ሳገላብጥ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ሳምንት በበሩ ሰሌዳ ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ አንብቤዋለሁ። ክብደታቸው ከሰማንያ ኪሎ በላይ የሆነ የሌሊት ሠራተኞች «በራሳቸው ቸልተኝነት ለሥራ ብቁ ያልሆኑ» ተብለው በወሩ አሥራ አምስተኛ ቀን እንደሚሰናበቱና የኩባንያውንም ቤት እንደሚለቁ ይናገራል። እኔ ሌላ ቤት የለኝም። ደግሞም ሰው ሳያግዘኝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ይኸው ወፍራም መሆኔን የሚገልጸው ጽሑፍዎ ነው። ፊደሎቹን ተለቅ አድርገው ስላስጻፉልኝ አመሰግናለሁ።

ከማስታወቂያው እንደተረዳሁት ቁጥር ይወዳሉ፤ ስለዚህ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ሚዛኑ። የክሊኒኩ ሚዛን በመሰበሩ፣ ነገሩ እንዳይዘገይ በማሰብ፣ በቅጠል መረከቢያው ሚዛን እንድንመዘን ስላዘዙ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከሌሊት ሥራ ስንወጣ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ቅጠል ለቃሚዎች በሚቆሙበት ቦታ አሥራ አራት ሴቶች ተሰለፍን። ያ ሚዛን እርስዎ እንደሚያውቁት ከጣሪያ የተንጠለጠለ መንጠቆ ነው እንጂ ሰው የሚቆምበት የለውም፤ ስለዚህ የቅጠል ጆንያ ታስሮበት አንድ በአንድ እየገባን ተቀመጥንበት። መዛኙ ኪፕየጎን አስተዳደግ ያለው ሰው ነው፤ አያቱን እንደሚጠራ አድርጎ «ኮጎ፣ እግርሽን ሰብስቢልኝ፤ መሬት ከነካ አያነብልኝም» አለኝ። እግሬን ለመሰብሰብ መጀመሪያ ሆዴን ማስፈቀድ ነበረብኝ። ከኋላዬ የነበረችው ታፕለሌይ «ቀስ በይ እንጂ እቴ፣ ጣሪያው የኩባንያው ነው፤ ኋላ ከደመወዛችን እንዳይቆርጡት» አለችና ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ጆንያው ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ፤ በመሳቄም መርፌው ተወዛወዘና ኪፕየጎን እስኪረጋ ጠበቀ። ከዚያም ስምንት ዓመት አፉ እንደለመደው ጮክ ብሎ «ሰማንያ ስድስት፤ ለጆንያ አንድ፣ ለጤዛ አንድ፤ ሰማንያ አራት» ብሎ ጻፈ። ለጤዛ የተቀነሰልኝ ቀሚሴ ይንጠባጠብ ስለነበር ነው። እንግዲህ በመዝገብዎ ላይ ያለሁት ሴት ውኃዋ የተቀነሰላት ሴት ናት። የፋብሪካው ደንብ ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ እንጂ ሌላ አይቀበልም፤ እኔ ደግሞ ግንዱ ስለሆንኩ፣ ኪፕየጎን ከነጆንያዬ መልሶ ስላልጣለኝ ባለውለታዬ ነው።

፪ኛ፦ ስለ ምክርዎ። ማስታወቂያው ከታች በኩል «ማንኛውም ሠራተኛ በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይተኛ» ይላል። ትእዛዝዎን ከዛሬ ጀምሮ ለመፈጸም ዝግጁ ነኝ፤ ቅጠሉን የሚያገላብጥልኝ ሰው ብቻ ይላኩልኝ።

፫ኛ፦ ስለ ቀን እንቅልፌ። የምኖርበት ቤት ሰባት በሮች በአንድ ቆርቆሮ ሥር ከተሰለፉበት አንዱ መሆኑን ያውቃሉ፤ ከጎረቤቴ ጋር የሚለየን ግድግዳ ሲያስነጥሳት «ይማርሽ» የምላት ዓይነት ግድግዳ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሬን ዘግቼ እተኛለሁ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ጤነኛ ሰው ቀን በሩን አይዘጋም፤ ከተዘጋ ወይ ታሟል ወይ መርዶ ደርሶታል። በመጀመሪያው ዓመት ጎረቤቴ ታብራንዲች በየሁለት ቀኑ በቅል የረጋ ወተት ይዛ እየመጣች በሬን ትደበድብ ነበር። «ማን ሞተብሽ?» ትለኛለች። «ማንም አልሞተም፣ ተኝቼ ነው» እላታለሁ። «አይ፣ ለእኔ ምን ትደብቂኛለሽ፤ በይ ጠጪ፣ ኀዘን በባዶ ሆድ አይቻልም» ትለኛለች። ይዞ የመጣን ሰው ቅል ሳይጠጡ መመለስ እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ እርስዎም የሀገሩ ልጅ ነዎት። ያልሞተ ሰው እያዘንኩ ስንት ቅል ወተት እንደጠጣሁ ቆጥሬው አላውቅም፤ የሚዛንዎ መርፌ ግን ሳይቆጥረው አልቀረም።

ታብራንዲች ነገሩ ሲገባት ተወችኝ። በረዶው ግን አልተወኝም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ከኮረብታው ወርዶ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል፤ እንደ እሱ ሰዓት የሚያከብር ተቆጣጣሪ በፋብሪካው ውስጥ አላየሁም። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። በዕረፍቴ ሌሊት ደግሞ፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ ዓይኔ እንደ ፋኖስ በርቶ ያድራል። አንድ ጊዜ ያደረግሁትን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ ግን ይፋ ላድርገው። ባቄላ አንሶላ ላይ ዘርግቼ በሁለት እጄ ሳገላብጥ ራሴን አገኘሁት። ተቆጣጣሪ አልነበረም፤ እንዲያውም ያን ሌሊት በጣም በጥሩ ሁኔታ ነው የሠራሁት።

፬ኛ፦ የእህቴ ልጅ ስትታጭ የወንዱ ሽማግሌዎች ስለ ጥሎሹ ከብት ለመነጋገር መጡ። እኔ የእናቷ ታላቅ ስለሆንኩ ከፊት አስቀመጡኝ። ከሥራ በቀጥታ ነበር የሄድኩት። ሰውየው ስለ መጀመሪያዋ ላም መናገር ሲጀምር ዓይኔን ለአንድ አፍታ ጨፈንኩ፤ ስገልጠው ሰዎቹ ተሰናብተው እየወጡ ነበር። ለካ እንግዶቹ ዓይኔን መጨፈኔን ቅሬታ ነው ብለው፣ ማንኮራፋቴን ደግሞ ቁጣ ነው ብለው፣ አንዲት ጊደር ጨምረዋል። «ይህች ሴት እንዴት ያለች ጠንካራ ተደራዳሪ ናት» ብለው እንደወጡ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ በቤተሰቡ ውስጥ ሴት ልጅ በታጨች ቁጥር እህቴ ትልክብኛለች፤ መልእክቷም አጭር ነው፦ «ሌሊት ሠርተሽ ነይ።» ይህን እንደ አቤቱታ ሳይሆን የሌሊት ሥራ ጥቅም አለው ለሚሉት ማስረጃ እንዲሆንዎ ነው የጻፍኩት፤ እኔ የማውቀው ጥቅሙ ይኸው ብቻ ነው።

፭ኛ፦ ስለ ሆዴ። እዚህ ላይ ጥፋተኛ ነኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኩባንያው በነፃ የሚሰጠን በወተት የፈላ ሻይ ይመጣል፤ ስኳሩን ሳይቆጥቡ ስለሚያስጨምሩበት አመሰግናለሁ። ከእሱ ጋር በዘይት የተጠበሰ የስንዴ ማንዳዚ እበላለሁ። ሦስት እበላለሁ ብዬ ለመንግሥት ክሊኒኳ ነርስ ነግሬያታለሁ፤ ለእርስዎ ግን አልዋሽም፣ አምስት ነው። በዚያ ሰዓት የሚበላው ርሃቤ አይደለም፣ እንቅልፌ ነው፤ እንቅልፍ ደግሞ ጠግቦ አያውቅም። ነርሷ እንዲህ ብላኛለች፦ «እማማ፣ ሆድ ማለት እንደ ሱቅ ነው። ቀን ይሸጣል፣ ሌሊት ይዘጋል። አንቺ ሌሊት ሌሊት ዕቃ ታስገቢበታለሽ፤ መጋዘን ይከተዋል እንጂ ማን ይሸጥልሻል?» መጋዘኑን እርስዎም በመዝገብዎ ላይ አይተውታል፤ በጆንያ ተንጠልጥሎ።

ማንዳዚውን ለምን አልተውሽም እንዳይሉኝ፣ ትቼው አይቻለሁ። ለሁለት ሳምንት ከጎመን በቀር ምንም ሳልቀምስ ሠራሁ። ሁለት ኪሎ ቀነስኩ። በአሥራ ሦስተኛው ሌሊት ቅጠሉ ላይ በደረቴ ተደፍቼ ተኝቼ ተገኘሁና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። እንግዲህ ከበላሁ ነቅቼ እወፍራለሁ፣ ካልበላሁ ቀጥኜ እተኛለሁ። ሁለቱም በቅጣት መዝገብዎ ላይ ስፍራ አላቸው፤ ኩባንያው የትኛውን ጥፋት እንደሚመርጥ ቢገልጽልኝ በእሱ እጸናለሁ።

፮ኛ፦ ይህኛው አያስቅም፤ ቢሆንም ቁጥሩን ጠብቄ አስገባዋለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት ወደ ቀን ሥራ እንዲያዛውሩኝ ለቢሮዎ አመለከትኩ። በማሸጊያው ክፍል የሣጥኑን ጽሑፍ ማንበብ ስለሚያስፈልግ «ያልተማረ ሰው ለቀን ሥራ አይሆንም» ተባልኩ። እውነት ነው ብዬ ተቀበልኩ። ኩባንያው ለጎልማሶች ያስከፈተው ትምህርት በየቀኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር፤ ለእኔ ያ እኩለ ሌሊት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለችኝን ትንሽ እንቅልፍ እየሰጠሁ ፊደል ተቀበልኩ፤ አስተማሪው እርሳሱን ከጉንጬ ሥር የሚያነሳበት ቀን ይበዛ ነበር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የወፈርኩትን ያህል ከዚያ በፊት አልወፈርኩም። የምስክር ወረቀቴን ይዤ ስመለስ ጸሐፊዎ ተቀብላ አየችውና «ጎሽ ኮጎ፣ በጣም ጥሩ ነው። ግን አሁን ዕድሜሽ ሄዷል፤ የቀኑን ሥራ ለልጆቹ እንተውላቸው» አለችኝ። በደግነት ነበር የተናገረችው፤ ወንበርም ስባልኛለች። ወንበሩ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩና ወጣሁ። ክቡር ሆይ፣ «ቸልተኝነት» የሚለውን ቃል በማስታወቂያዎ ላይ ሳነበው ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ፊደል የቆጠርኩት ቃሉ ከብዶኝ አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ይህን ነው። ከአሥራ አምስተኛው ቀን በፊት ወደ ማሸጊያው ክፍል ያዛውሩኝ፤ የሣጥኑን ጽሑፍ አነባለሁ፣ ከፈለጉ ከታች ወደ ላይም አነብልዎታለሁ። ይህ የማይሆን ከሆነና ማሰናበቱ የግድ ከሆነ፣ በማሰናበቻው ወረቀት ላይ «በራሷ ቸልተኝነት» የሚለውን ሰርዘው «በሥራ ላይ» ብለው ይጻፉልኝ። ሠላሳ ወይም አርባ ኪሎ ቅጠል ተሸክማ ወገቧ የተሰበረ ሴት «በሥራ ላይ» ትባላለች። እኔም የተሸከምኩት በሥራ ላይ ነው፤ ልዩነቱ እኔ ማውረጃ ስፍራ አላገኘሁለትም። እምቢ ካሉኝ ይህንኑ ደብዳቤ ለሠራተኛ ጉዳይ ዳኛው ራሴ አነብለታለሁ፤ ንባቤ ዝግ ያለ ስለሆነ እንዲታገሱኝ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከከፍተኛ አክብሮት፣ ከማያልቅ ምስጋናና ከመጋረጃ በቀር ቀንን ከሌሊት የሚለይላት ምንም ነገር ከሌላት፣ ለእርስዎም ዘወትር መልካም እንቅልፍ ከምትመኝ፣

ትሑት አገልጋይዎ
ታፕኪገን ማሪቲም
ማጠውለጊያ አዳራሽ፣ የሌሊት ተራ

ማሳሰቢያ፦ በሚዛኑ ቀን የቅጥር ካርዴን ወረፋ እስኪደርሰኝ እንድይዘው በእጄ ሰጥተውኝ ነበር። ስቀጠር በጣቴ ነው የፈረምኩበት፤ የተጻፈበትን ያነበብኩት አሁን ነው። የራስዎ ክሊኒክ እንዲህ ይላል፦ «ክብደት ሃምሳ ስምንት። እንቅልፍ ደህና።» በእኔ ቦታ የምትገባዋን ልጅ ትናንት መዝናችሁ ሃምሳ አራት ብላችሁ መጻፋችሁን ሰምቻለሁ፤ ስለ እንቅልፏም «ደህና» ብላችኋል። ካርዷን ለራሷ ያስነብቧት፤ ልጅቷ ፊደል ካልቆጠረች ደግሞ ቀን ቀን ሥራ ስለማይኖረኝ እኔ መጥቼ አነብላታለሁ።