ከወደብ ጭቃ ውስጥ ኤሌክትሪክ የፈለጉት የዶክተር ሲራኑሽ ታባክያን የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ሲራኑሽ ታባክያን ከአባታቸው ከአቶ ሃጎፕ ታባክያንና ከእናታቸው ከወይዘሮ አራክሲ እ.ኤ.አ. በ1958 አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ተወለዱ። አያታቸው በአርመኖች ላይ ከወረደው እልቂት ተርፈው ኢትዮጵያ የገቡ ቆዳ አልፊ ነበሩ፤ የቤተሰቡም ስም የመጣው ከዚሁ ሙያ ነው። አባታቸው በአቃቂ አነስተኛ የቆዳ ፋብሪካ ነበራቸው። ሲራኑሽ ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ሲዞሩ ጨው ሳይነካው የቀረ አንድ ቆዳ ተበሳስቶ አዩና «ማን በላው?» ብለው ጠየቁ። አባታቸው «ማንም አልበላውም፤ በስብሶ ነው» ቢሏቸው፣ «ታዲያ የጎደለው የት ሄደ?» አሉ ይባላል።

በአርመን ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ፋብሪካው በመንግሥት ሲወረስ ቤተሰቡ ተበተነ። ሲራኑሽም በቀጣዩ ዓመት፣ በዚያን ጊዜ በሶቭየት ኅብረት ሥር ወደነበረችው አርመን፣ ወደ ዬሬቫን ከተማ ለትምህርት ሄዱ። አዲስ አበባ «አርመኗ» ይባሉ የነበሩት ልጅ ዬሬቫን ሲደርሱ «ሐበሻዋ» ሆነው አረፉት። የሚናገሩት አርመንኛ የአያቶች ቋንቋ ነው እየተባለ ተሳቀባቸው። እሳቸውም አብረው ሳቁ።

በዩኒቨርሲቲ የመረጡት ባዮፊዚክስን፣ ማለትም የሕያዋን ነገሮችን ፊዚክስ ነው። ትልቁን እንስሳ ትተው በዓይን የማይታየውን ባክቴሪያ ያዙ። አንዲት ባክቴሪያ በሰውነቷ ሽፋን ላይ እንደ ባትሪ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይዛ እንደምትኖር ሲማሩ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ እንዳቃታቸው ይናገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የዶክትሬት ማዕረጋቸውን አግኝተው እዚያው አስተማሪና ተመራማሪ ሆኑ።

ከዚያ አርመን ከጎረቤት አገር ጋር የገባችበት ጦርነትና የጨለማው ብርዳም ክረምት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1992 ዬሬቫን ውስጥ መብራትም ጋዝም ጠፋ። ቤተ ሙከራው በረዶ ሆነ። ለዓመታት ያራቧቸው ባክቴሪያዎች በብርድ እንዳይሞቱ ዶክተር ሲራኑሽና ባልደረቦቻቸው የብርጭቆ ቱቦዎቹን ተከፋፍለው፣ በሸሚዛቸው ሥር ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በሰውነታቸው ሙቀት ያቆዩዋቸው ጀመር። አንድ ቀን ጎረቤታቸው፣ ማገዶ ፍለጋ የመናፈሻውን ዛፍ ስትቆርጥ የዋለች እናት፣ ይህን አይታ «ልጆች በብርድ እያለቁ አንቺ ጀርም ታሞቂያለሽ?» አለቻቸው። ዶክተር ሲራኑሽ ጎረቤታቸውን ከነልጆቿ ወደ ቤታቸው አስገብተው፣ በአንድ ምድጃ ዙሪያ አብረው ከረሙ። ቱቦዎቹን ግን አላወጧቸውም። አብዛኞቹ ሞቱ፤ ጥቂቶቹ ተርፈው ለተማሪዎች ደረሱ። ስለዚያች ሴት ጥያቄ ሲጠየቁ «ያኔም መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም» ይሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1995 ወደ ሎስ አንጀለስ መጡ። አርመኖች በብዛት በሚኖሩበት በግሌንዴል ያሉ ዘመዶቻቸው ክፍል አዘጋጅተው ሲጠብቋቸው፣ እሳቸው የሐበሻ ሰፈር በሆነው ፌርፋክስ አንድ ምግብ ቤት ምሳ ሊበሉ ገብተው፣ ከምግብ ቤቱ ባለቤት ከእትዬ ሥርጉት ጋር በአማርኛ ጨዋታ ይዘው ሳሉ፣ የእትዬ ሥርጉትን ትርፍ ክፍል ተከራይተው ወጡ። ዘመዶቻቸው ለምን እንደሆነ ሲጠይቋቸው «ግሌንዴል ሐበሻዋ ነኝ፣ ፌርፋክስ አርመኗ ነኝ፤ ፌርፋክስ ግን ምሳው ይሻላል» አሉ። ዲግሪያቸው እስኪታይላቸው ድረስ ዌስትቼስተር አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲያጥፉ ቆዩ። ቀጥሎም በሎንግ ቢች ወደብ የባሕሩን ውሃና ጭቃ በሚመረምር ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ።

ከባለቤታቸው ከአቶ ፍሬው ዘርዓብሩክ ጋር የተዋወቁት በዚያው ጭቃ ምክንያት ነው። የቤተ ሙከራው መኪና ስለተበላሸ ዶክተር ሲራኑሽ ከወደቡ ዳር ጭቃ በባልዲ ሞልተው መንገድ ላይ ቆመው ነበር። አውቶቡሱ ከጭቃው ሽታ የተነሳ አላሳፍርም ብሏቸው ሄዷል። ታክሲ የሚነዱት አቶ ፍሬው ሊያሳፍሯቸው ቢያቆሙም፣ ሽታው ሲደርሳቸው በእንግሊዝኛ «ኖ፣ ኖ! ይሄ መኪናዬ ውስጥ አይገባም» አሉ። ዶክተር ሲራኑሽ ለራሳቸው በአማርኛ «ዛሬ ደግሞ ማን ረገመኝ!» ሲሉ አቶ ፍሬው ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ።

«ምን አሉ እርስዎ?»

«ክዳኑ ጥብቅ ነው፣ ወንድሜ። ቢፈስ እኔው አጥብልዎታለሁ።»

አቶ ፍሬው ባልዲውን ተቀብለው የፊት ወንበር ላይ አስቀመጡና ቀበቶ አሰሩለት። «ሶ፣ ምንድን ነው ያለው እዚህ ውስጥ?» ብለው ጠየቁ። መልሱ እስከ ቤተ ሙከራው በር ድረስ ሳያልቅ ቀረ፤ ባለቤታቸው እንደሚሉት እስከ ዛሬም አላለቀም። የአርመንና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት እምነት አንድ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1997 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊል ፈጽመው ተጋቡ። በዓመቱ ልጃቸው ሮሐ ተወለደች።

ዶክተር ሲራኑሽ ጭቃው ውስጥ የሚፈልጉት ነገር ይህ ነበር። አየር የሚደርሰው ከላይ ላለው ስስ ጭቃ ብቻ ነው። ታች፣ አየር በማይደርስበት ጥቁር ጭቃ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን አየር እንደሚያገኙ ሆነው ይኖራሉ። መሣሪያቸው ከታች ወደ ላይ የሚሄድ እጅግ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት አሳያቸው። የሚያስተላልፈው ማን ነው? ሕይወት ያለው ሽቦ አለ ብለው አሰቡ። የሥራ ባልደረቦቻቸው መሣሪያው ተሳስቶ ነው አሏቸው፤ የምርምር ድጋፉም ተቋረጠ። በዚህ ጊዜ አቶ ፍሬው ክሬንሾው በሚገኘው ቤታቸው ታክሲያቸውን ውጭ ፓርክ እያደረጉ ጋራዡን ለጭቃ ገንዳ ለቀቁላቸው። ሰፈሩ እንቁላል እንቁላል ሸተተ። እሳቸው ግን ከሥራ መልስ እዚያ ገብተው መለካታቸውን ለዓመታት አላቋረጡም። ፌርፋክስ ብቅ ሲሉ የእትዬ ሥርጉት ምግብ ቤት የዘወትር ደንበኛ ጋሼ ዘለቀ ከጠረጴዛቸው ሆነው «ዶክተር፣ ጀርሟ ደኅና ናት?» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ስለ ልጅ እንደተጠየቀ ሰው «ዛሬ በደንብ በልታለች» ብለው ይመልሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2012 በሌላ አገር ያለ የምርምር ቡድን ያንኑ ነገር አግኝቶ አሳተመ፦ በሺዎች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው፣ ከፀጉር የቀጠነ ክር ሆነው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። አቶ ፍሬው ይህን ሲሰሙ ተናደዱ። «ስንት ዓመት ለፍተሽ! ቀደሙሽ እኮ!» ብለው ጮኹ። ዶክተር ሲራኑሽ ግን ወጥ ቤት ውስጥ ሮሐን አቅፈው ይዘፍኑ ነበር። «ፍሬው፣ አልገባህም? ሰው አየው! አለ ማለት ነው!» አሉ። ያን ቀን ቤታቸው ሠርግ ይመስል ነበር። ለቡድኑ የእንኳን ደስ ያላችሁ መልእክት ላኩ፤ እነሱም አብረውን ይሥሩ ብለው ጋበዟቸው። በጋራዡ የተለካው ሁሉ ክሩ ሙቀትና ጨው ሲለዋወጥ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ጠቀመ። ከዚያ በኋላ በስማቸው በርካታ ጥናቶች ታተሙ፤ ወጣት ተመራማሪዎችንም አሠለጠኑ።

እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በዘንድሮው ዐቢይ ጾም ኢንፌክሽን ወደ ደማቸው ገባ። ሆስፒታል ሳሉ ሐኪሙን የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከደማቸው የተገኘውን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ለማየት። ፎቶግራፉ ሲመጣላቸው መነጽራቸውን አስደርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«እዪ ሮሐ፣ ተያይዘው ሲቆሙ ምን ያምራሉ!»

«እማዬ፣ የሚጎዱሽ እኮ እነሱ ናቸው።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። እንዴት እንደሚያደርጉት ግን ገና አልገባኝም።»

ዶክተር ሲራኑሽ ታባክያን ባለቤታቸውና ልጃቸው አጠገባቸው እንዳሉ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በጻድቁ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዕለት፣ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸው አቶ ፍሬው ዘርዓብሩክ፣ ልጃቸው ሮሐ ፍሬው፣ ዬሬቫን የሚገኙት ወንድማቸው አቶ ቫሃን ታባክያን፣ እንዲሁም ይህን የጻፍኩት የባለቤታቸው እህት ዘቢደር፣ ከብዙ ወዳጆቻቸው ጋር ኀዘን ላይ ነን። ፍጥረቱን ስታይ ውላ ያልደከመች ነፍሳቸውን፣ የሚታየውንና የማይታየውን የፈጠረ አምላክ ከደጋጎቹ ጋር ይቀበልልን። አሜን።