እምቢተኛው 65,537

ኅዳር 4/1989፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

65,537 ለ7፦ ሦስት ተረፈ። የለም፤ በዓረቦቹ አፍ ማፊ። ለ11፦ አሥር ተረፈ። ማፊ። እዚህ ዓረብ አገር ከምሠራበት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ አሁን መግባቴ ነው። ጣቴ ተጨማድዷል፤ እርሳሱ ያንሸራትታል።

ደብተሬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ጌታቸው፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ደብዳቤ ላከ። በሃምሳ ዓመቴ ፊደል በመቁጠሬ ደስ ብሎታል። ከሥር ይህን ቁጥር ጻፈ። ከ1ና ከራሱ ሌላ ያለ ቀሪ የሚካፈልለት ቁጥር ካለ ፈልጊ፣ ከከበደሽ ተይው ይላል።

ተይው ይለኛል። ልጅ ሳለ ደብተሩን ተሸክሜ እስከ ትምህርት ቤቱ በር የማደርሰው እኔ ነበርኩ። እሱ ይገባል፣ እኔ እመለሳለሁ።

መልሱን ሲ/ር ጽጌ ትወስድልኛለች፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ፣ ቤት የምንጋራ ነርስ። ኅዳር 20 ለዕረፍት አገር ቤት ትገባለች።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ዕረፍት። 9ን፣ 15ን፣ 21ን ሰረዝኩ። 3 እምቢ ካለ የ3 ልጆች እንዴት እሺ ይላሉ? ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ደረስኩበት።

ጽጌ ኾባር ከተማ ወደ ባሕሩ ዳርቻ እንሂድ አለች። አልሄድኩም። እትዬ፣ ቁጥር አገባሽ እንዴ? አለችኝ። ከፊተኛው ባሌ ይሻላል አልኳት፤ ይሄኛው ቃሉን አይለውጥም።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

61 ላይ ነኝ። ተስፋ ቆረጥኩ። ጽጌ እስከ ግማሹ መሞከር አለብሽ አለች። ግማሹ ከ32,000 በላይ ነው። ዓመታት ይፈጃል፤ እሷ በዘጠኝ ቀን ትበራለች። ጌታቸው አውቆ ነው የላከልኝ። እራት አልበላሁም።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ስማ ደብተሬ። ፎጣ ስደረድር መጣልኝ። ረድፉ ሲበዛ በየረድፉ ያለው ያንሳል። 256 ረድፍ፣ በየረድፉ 256 ፎጣ ባስቀምጥ 65,536 ይሆናል። የጌታቸው ቁጥር ሊሞላ አንድ ብቻ ቀረው። እንግዲህ ረድፉ ከ256 ቢያልፍ፣ በየረድፉ የሚደርሰው ከ256 ያንሳል። ያ ደግሞ እስከ 256 ስሄድ የምሞክረው ነው። ስለዚህ 256 ላይ ይበቃል። እስከ ግማሹ መሄድ ድካም ብቻ ነው።

ቆሜ ቀረሁ። አለቃችን ሙሽኪላ፣ ችግር አለ ወይ አለችኝ። ማፊ ሙሽኪላ አልኳት። ስስቅ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ለ251፦ 26 ተረፈ። ኸላስ፣ አለቀ። ከስረዛው የተረፉ ሃምሳ አራት ቁጥሮች፣ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። አንዱም እሺ አላሰኘውም።

ጽጌ አሥሩን መርጣ በማስያ ፈተሸች። የፎጣውን ነገር ማን አሳየሽ አለች። ማንም አልኩ። የተማሩት እንዲህ ያለውን ብቸኛ ቁጥር ይሉታል አለችኝ። ይበሉት። የእኔ እምቢተኛ ነው።

ሻንጣዋ በር ላይ ቆሟል። ለጌታቸው ማካፈሉን ሁሉ በአራት ገጽ ገልብጬ ነበር። አልልከውም። ለእኔ ይቀራል። የምልክለት ይህን ብቻ ነው፦ አይካፈልም። 256 ላይ አቆምኩ። ለምን እንዳቆምኩ አንተ ንገረኝ። ከከበደህ ተወው።