ሁለት ዓይን ያለው ሥዕልህ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለኢያቄም ሰይፈ ሥላሴ፤ ባለህበት በጁባ።

እንደምን ሰነበትክ? እንደምን ከረምክ? ስድስት ክረምት እንደምን ቆየህ? ጤናህ እንዴት ነው? ባለፈው ዓመት የጣለህ ወባ ተመልሶ አልመጣም ወይ? ሙቀቱስ፣ ሥራውስ፣ እንቅልፉስ? ሁዳዴን አብሮህ የሚጾም ጓደኛ አገኘህ ወይስ ብቻህን ነው ሽሮ የምታማስለው? እኛ በቅዱስ ላሊበላ ጸሎት፣ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ታማርራለች እንጂ ቅዳሴ ስንሄድ እኔን ጥላኝ ነው የምትገባው።

ይህን የጻፍኩልህ በስልክ የማይነገር ነገር ስላለኝ ነው። ከደብዳቤው ጋር የተጠቀለለ ነገርም አለ፤ ለዘመድ ጥየቃ የመጣው ደሳለ ወደ ጁባ ሲመለስ በእጁ ያደርስልሃል። ደብዳቤውን ሳትጨርስ ጥቅሉን እንዳትፈታው፤ ችኩልነትህን ስለማውቀው ነው የምለምንህ። በገና ሰሞን በላክህልኝ የድምፅ መልእክት "አባባ ስሜን ይጠራሉ ወይ?" ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ሰምቼ እንዳልሰማ ዝም አልኩህ። እውነቱን ልንገርህና አይጠሩህም ነበር። ኩልመስክ በኩል ያለችውን ቤተ ክርስቲያን አብራችሁ ስትሥሉ ውላችሁ፣ በማግሥቱ የግድግዳው ቀለም ሳይደርቅ፣ ምርቃትም ሳትቀበል ከሄድክ ወዲህ በእሳቸው ፊት ስምህን የሚያነሣ አልነበረም። እማዬ እንኳ ስታለቅስ ጓሮ ሄዳ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የአባባ ዝምታ ግን ቤታችንን አነቀዘው።

አንድ የደበቅኩህም ነገር አለ፤ ይቅር በለኝ። የአባባ ዓይን ጠፍቷል። አምና ደሴ ወስደናቸው ሐኪሙ የግራው ከእንግዲህ አይመለስም፣ ቀኙም ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም አለን። ያን ቀን እቤት ሲገቡ ብሩሾቻቸውን አጥበው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አስቀመጡና ቁልፉን ለእማዬ ሰጧት። ከዚያ ወዲያ በራፍ ላይ ተቀምጠው ዳዊት በቃላቸው ይደግማሉ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ጥር ላይ የጥምቀት እንግዳ ሲበተን፣ እኔ የምሠራበት ሆቴል ጀውሀራ የምትባል የደሴ ልጅ አረፈች። መዝገቡ ላይ ልሞላ ሥራሽ ምንድን ነው ብላት "ሥዕል አትማለሁ" አለችኝ። ማተሚያ ቤት ያላት ሀብታም መስላኝ ጥሩውን ክፍል ሰጠኋት። በማግሥቱ የልብስ ማስጫ ገመድና መቆንጠጫ ለመነችኝ። ሰገነቱ ላይ ወጥቼ ባይ ያሰጣችው ሥዕል ነው። የገበያ ሴቶች፣ ጭነት ያጎበጠው ባጃጅ፣ ዝናብ የተጠለለ ሽማግሌ፤ ሁሉም ጥቁር ቀለም በነጭ ወረቀት ላይ። ሰዎቿ በጎን የታዩ ናቸው፤ ግንባር፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ አንገት በአንድ መስመር ይወርዳል። ያን መስመር ሳይ እግሬ እዚያው ተተከለ፤ ስልኩ ሲጮህ ባለመስማቴ ከሥራ አስኪያጁ ቁጣ ተቀበልኩ።

አሠራሩን አሳየችኝ። ሥዕሉን ሳንቃ ላይ በመሮ ትቀርጻለች። ነጭ እንዲሆን የፈለገችውን ፈልፍላ ታወጣለች፤ የቀረውን ቀለም ቀብታ ወረቀት ታለብስና በማንኪያ ጀርባ ታሸዋለች፤ ስትገልጠው ሥዕሉ ወጥቷል። እኔስ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ተፈልፍሎ በቀረ ድንጋይ ውስጥ እያስቀደስኩ፣ ትርፉን በማውጣት የሚሠራ ነገር እንዳለ አንድ ቀን ልብ ብዬ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ እንግዳ ሲጠፋ ስልኳን ከፍታ የሌሎቹን ሥራ ታሳየኝ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ከፈረሱ ቤቶች በር እየለቀመ በበሩ ላይ የሚቀርጽ ሰው አለ፤ የቁልፉ ቀዳዳ ሳይቀር ወረቀቱ ላይ ይወጣል። አንዲት የባሕር ዳር ልጅ ለሕፃናት መጽሐፍ ትሥላለች፤ ጅቢት ቦርሳ አንግታ፣ ጥፍሯን ደብቃ ትምህርት ቤት ስትገባ። ሌላው በኮምፒውተር ብቻ የሚሠራ ነው፤ የታክሲ ሰልፍ በሦስት ቀለም ይሥላል። እየሳቅኩ አየሁና ኋላ ግን ተናደድኩ። እነዚህ ሁሉ በእኔው ዕድሜ፣ በእኔው ዘመን ሲሠሩ ማንም አልነገረኝም። ሥዕል ማለት የአባባ ብቻ፣ ከአባባ ወዲያም ያንተ፣ አንተም ስትሄድ ያለቀለት ይመስለኝ ነበር። ለእኔ ቀለም መበጥበጥ እንጂ ብሩሽ መያዝ እንዳልደረሰኝ አንተም ታውቃለህ፤ ሌላው ቀርቶ ብሩሽህን የምታሳጥበኝ አንተው ነበርክ።

ጀውሀራ ዘጠኝ ቀን ቆይታ ስትሄድ ሁለት መሮ ትታልኝ ሄደች። የዋንዛ ሳንቃ ገዛሁና መጀመሪያ ባጃጅ ቀረጽኩ፤ ሳትመው ታርጋው ተገልብጦ ወጣ። ሳንቃው ላይ ቀኝ የሆነው ወረቀቱ ላይ ግራ እንደሚሆን የገባኝ ያኔ ነው። ሁለተኛው አንተ ነበርክ። ወንዙ ዳር ቆመህ የተነሣኸውን ፎቶ እያየሁ፣ እንደ ጀውሀራ ሰዎች በጎን ቀረጽኩህ። ስምህን ወደ ቤት ማስገባት ካልተቻለ መልክህን ላስገባ ብዬ ነው።

የቅበላ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ሳንቃውን አባባ ጭን ላይ አኖርኩት። ማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። በአውራ ጣታቸው ግንባርህን ዳሰሱ፣ በአፍንጫህ ወረዱ፣ አገጭህ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ከዚያ ተመልሰው ወደ ላይ ወጡና "ሁለተኛው ዓይን የት አለ?" አሉኝ። በጎን ስለሆነ የሚታየው አንዱ ብቻ ነው አልኳቸው።

አንተ ይህን ስታነብ ገና ዱሮ ገብቶሃል፤ እኔ የሠዓሊ ልጅ ሆኜ ዘነጋሁት። አባባ ሲሥሉ ጻድቅ ሁሉ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣንና ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉትም ናቸው። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። "ልጄን ከይሁዳ ጋር አቆምሽው? ኢያቄም ምን በደለሽ? ንገሪኝ፣ ምን በደለሽ?" ብለው ጮኹብኝ። ሳምንት ሙሉ ለፍቼ እጄ አመድ አፋሽ ሆነ ብዬ ላለቅስ ስል እማዬን አየኋት፤ ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ እንደያዘች ደርቃ ቆማለች። የሰማሁት ነገር የገባኝ እሷን ሳይ ነው። ስምህ ተጠራ ወንድሜ፤ ያውም "ልጄ" ተብሎ።

ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ሌላ ሳንቃ አምጪ አሉ። እጃቸውን ታጠቡ፤ ቅዱስ ሥዕል ሲጀምሩ እንደሚያደርጉት ጸሎታቸውን አደረሱ። ሳንቃውን እኔ ያዝኩ፣ እሳቸው በግራ ጣታቸው እየዳሰሱ በቀኝ እጃቸው መሮውን ገፉ። ሁለት ጊዜ ጣታቸውን ቆረጡት። ልቀበላቸው ብል "ተይኝ፣ መንገዱን አግኝቸዋለሁ" አሉ። የቀለም መስመር ለእጅ አይታይም፤ የመሮ መስመር ግን ይዳሰሳል። በጭፍን ዓይን የሚሠራ ሥዕል መኖሩን አባባም እኔም አናውቅም ነበር። አባ ገብረ ዮሐንስ ሊጠይቋቸው መጥተው "መሪጌታ፣ በሁዳዴ አናጢ ሆኑ እንዴ?" ቢሏቸው "ልጄን እየፈለግሁት ነው" ብለው መለሱላቸው። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ።

ጥቅሉ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ዓይኖችህ እንደ ቅዱሳኑ ትልልቅ ናቸው፤ የመጥምቁ ዮሐንስን ታናሽ ወንድም ትመስላለህና እንዳትኮራ። ከዛፍ ወድቀህ ከቀኝ ቅንድብህ በላይ የቀረችውን ጠባሳ እንኳ አልረሷትም፤ ሳንቃው ላይ በቀኝ አድርገው ቀረጿት። እንደሚገለበጥ እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ ያን ያህል ደክመው ሲቀርጹ ማስቆም አንጀቴ እምቢ አለኝ። ጀውሀራ ከአንድ ሳንቃ አሥራ ሁለት ታትማለች፤ አባባ ግን አንድ ይበቃል ብለዋል። በጎን የቀረጽኩህን እማዬ ምድጃ ልትከተው ስትል ነጥቄ ደብቄዋለሁ። ኃጢአት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ሥራው ግን ያምራል፣ ከዚህም በኋላ መቅረጼን አልተውም።

እማዬ በሶ ልካለች፤ ብቻህን እንዳትበላው ብላሃለች። ስትሄድ የሁለት ዓመት ልጅ የነበረችው እየሩስ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ ሥዕልህን አይታ "ወንድሜ ይሄ ነው?" ብላ ግንባሩን ስማዋለች። ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ሩፋኤል በጸሎቴ አልረሳህም ይሉሃል። ጀውሀራም ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች። አብረውህ ላሉት ያገራችን ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የአባባን ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ሰላምታ ስለማይመስል ነው። ወረቀቱን ከሳንቃው ላይ ስገልጠው "ጠባሳው በየት በኩል ወጣ?" ብለው ጠየቁኝ። መዋሸት አልቻልኩም፤ በግራ አልኳቸው። ከፈለጉ አስተካክለን እንደግመዋለን አልኳቸው።

"ተይው" አሉ። "በየት በኩል እንደነበረ ለእኔም ጠፍቶብኛል። ይምጣና በእጄ ልየው።"

እህትህ ሰርክአዲስ ሰይፈ ሥላሴ
ላሊበላ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.