ሰማዩ የጠቆረበት ሽፋን

ሮቤ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

ለሠራሁት የኮምባይነር መንዳት ጌም የሽፋን ሥዕሉ የትኛው እንደሚሆን ዛሬም አልወሰንኩም። ነገ ጌሙ የሚሸጥበት ገጽ ላይ መውጣት አለበት። ሰው ሽፋኑን ስልኩ ላይ የሚያየው በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ነው። በዚያች ልክ ምን ቢያይ ጣቱን እንደሚያቆም ለማወቅ ጓጉቼ፣ ሁለት ሥዕል ይዤ ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ገባሁ።

መጀመሪያ እኔ የወደድኩትን አሳየኋቸው፤ የሚያብረቀርቅ ቀይ ኮምባይነር፣ ከጀርባው ጥርት ያለ ሰማይ። «ያምራል» ብለው ስኳር መመዘናቸውን ቀጠሉ።

ሁለተኛው ላይ ኮምባይነሩ ትንሽ ሆኖ ዳር ላይ ነው። ስንዴው ገና ግማሹ አልታጨደም፣ እዚህ ከጎረቤት ከተማችን ከጎባ በኩል እንደሚመጣው ያለ ጥቁር ደመና ይመጣል። ጋሽ ሸምሱ ሚዛኑን ትተው ስልኩን ከእጄ ወሰዱ።

«የማን ማሳ ነው?»

«የማንም አይደለም ጋሼ፣ ጌም ነው።»

«ይሁን። ዝናቡ ግን ይቀድመዋል።»

እዚህ ኮምባይነር የሚደርሰን በተራ ስለሆነ፣ በአጨዳ ወቅት ደመና ስናይ የሁላችንም ልብ ይሰቀላል። ሩቅ አገር ያለ፣ ስንዴን በዳቦ እንጂ በማሳ የማያውቅ ሰውስ ይህን ደመና ሲያይ ምን ይሰማዋል? ራሴን ስጠይቅ ዋልኩ።

አመሻሽ ላይ ጋሽ ሸምሱ ሱቃቸውን ዘግተው ሲያልፉ በራችን ላይ ቆሙ።

«ያ ስንዴ ተረፈ?»

«እሱማ በሚጫወተው ሰው እጅ ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

«እንግዲያው ቶሎ ይጫወቱ በላቸው።»