የወ/ሮ ቢልቂስ የአንገት እጢ በቀዶ ሕክምና ከመካከላችን ስለመለየታቸው

ከለ ሊኞን ሰፈር መረዳጃ እድር፣ ጄኔቫ
ለአባላት በሙሉ፦

በአባላችን በወ/ሮ ቢልቂስ አንገት፣ በግራ በኩል ወደ ታች ይኖሩ የነበሩት ክቡር ፓራታይሮይድ እጢ ባለፈው ጥር 14 ቀን ዙሪክ ውስጥ በተደረገ ቀዶ ሕክምና ተለይተውናል። እድራችን በደረሰው መሪር ሐዘን እጅግ ደስ ብሎታል።

ሟች ከአራት ወንድማማች እጢዎች አንዱ ሲሆኑ፣ ሥራቸው በሚያመነጩት ሆርሞን የደም ካልሲየምን መቆጣጠር ነበር። ትጉህ ነበሩ። ትጋታቸው ግን ልክ አጣ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ማንም ሳያዛቸው ሆርሞኑን ማብዛት ጀመሩ፤ ካልሲየሙን ከወ/ሮ ቢልቂስ አጥንት እየቦረቦሩ ወደ ደም ለቀቁት።

በ2023 መጀመሪያ ለወ/ሮ ቢልቂስ ኩላሊት ሁለት ጠጠር አበረከቱ። ሐኪም ጾም ስለከለከላቸው ወ/ሮ ቢልቂስ ሦስት ረመዳን አመለጣቸው። ሰው ሲያፈጥር አብረው ይቀመጡና፣ ሳይጾሙ ተምር ለማንሳት እያፈሩ፣ እጃቸውን ሰብስበው ያመሹ ነበር።

በ2024 ወ/ሮ ቢልቂስ ጄኔቫ አጠገብ ኦኔ ላይ ከትራም ሲወርዱ የእጃቸው አንጓ እንዲሰበር ሟች ከፍተኛ አስተዋፅኦ አድርገዋል።

በቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋት ሆርሞኑ 212 ነበር፤ ከ65 ማለፍ የለበትም። ሟች በወጡ በአሥረኛው ደቂቃ ደም ተቀዳ። ቁጥሩ ከግማሽ በታች ካልወረደ ሐኪሙ ሌላ ጥፋተኛ ፍለጋ ይቀጥላሉ። 34 ሆነ። ዙሪክ የምታስታምማቸው የእህታቸው ልጅ ጠይባ ወዲያው ወደ ጄኔቫ ደወለች፦ «ጋሼ፣ ቁጥሩ ወርዷል። ደህና ናት፣ ምንም አትደናገጡ።»

እዚህ ላይ እድራችን ተሳስቷል። በእኛ ዘንድ «ምንም አትደናገጡ» የተባለለት ሰው ተርፎ አያውቅም። ሊቀመንበራችን ጋሽ መሐመድሁሴን ስልኩን ዘግተው «በቃ፣ እንዲህ ለስልሳ ያወራችው መርዶ ይዛ ነው» አሉ። ስድስት አባላት ጥቁር ለብሰው፣ አንድ ፌስታል ንፍሮ ይዘው፣ ሦስት ሰዓት ያህል በባቡር እያለቀሱ ዙሪክ ገቡ። ተቆጣጣሪው የወ/ሮ ጸሐይነሽን እንባ አይቶ ትኬት ሳይጠይቅ አለፈ፤ ትኬት ገዝተው ስለነበር እስካሁን ይቆጫቸዋል።

ወ/ሮ ቢልቂስ አንገታቸው ላይ ፕላስተር ተለጥፎ፣ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው እርጎ ሲበሉ ተገኙ።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ በሰለለ ድምፅ።

«አንቺ» አሉ ወ/ሮ ጸሐይነሽ።

«እኔ አልሰማሁም። ንፍሮው ሽምብራ አለው? ካልሲየም ነው ይላሉ፣ ወዲህ በሉት።»

ሟች ሦስት ወንድሞች ትተዋል። እነዚህ፣ ሟች ሁሉን ሲሠሩላቸው ዓመታት ተኝተው የከረሙ ስለሆነ፣ ለመነሳት ለገሙ፤ በማግስቱ ወ/ሮ ቢልቂስን ከንፈራቸውን ነዘራቸው፣ የካልሲየም ክኒንም ታዘዘ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሆርሞኑ 41 ሆኖ ተገኘ፤ ካልሲየሙም ተስተካክሏል። ሐኪሙ ውጤቱን ሁለቴ አይተው «ዘንድሮ ይጹሙ» ብለዋል።

እድራችን ለሦስቱ ሰነፎች ብርታትን፣ ለወ/ሮ ቢልቂስ አጥንትና ኩላሊት መጽናናትን፣ ጠይባን ላላመኑ ስድስት አባላት ደግሞ ልቦናን ይመኛል።

የረመዳን የመጀመሪያው ቀን ማፍጠሪያ እዚሁ ለ ሊኞን፣ ጋሽ መሐመድሁሴን ቤት ነው። የመጀመሪያዋን ተምር የሚያነሱት ወ/ሮ ቢልቂስ ናቸው፤ ማንም እጁን እንዳያስቀድም። ሟች በላብራቶሪ ሲለኩ የዚያችን ተምር የውስጥ ፍሬ እንኳ አያክሉም ነበር። ያ ሁሉ መከራ የመጣው ከዚችው ነበር።