የተሰረዙት ጉዞዎች

ውድ እትዬ፣

«የወንድሜን አፕ በየቀኑ ነው የምከፍተው፤ ሳላየው አልተኛም» ስትይ ሰምቼሻለሁ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ነበር፣ በራፍ ላይ ቆመሽ የነገርሻት። እኔ ውስጥ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ሥራ ቦታ እንደደረስኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። የምንሠራው አፕ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት መቁረጫ ነው። አንቺ ደግሞ አዋላጅ ሆነሽ ከምትሠሪበት ሆስፒታል እስከ ቤት በእግርሽ የምትመላለሺ፣ ከከተማችን ወጣ ካልሽ ዓመታት ያለፉሽ ሴት ነሽ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ግን አልመጣልኝም። ሲመሰገን ማሰብ የሚያቆም ሰው አይተሽ የማታውቂ ከሆነ፣ አንዱን አሳድገሻል።

ዛሬ ጠዋት ስልክሽን እጄ ላይ ጥለሽ ወደ ሥራ ስትወጪ እንዲህ አልሽኝ፦ «አንተ ኢንጂነር፣ ይሄ ነገርህ ያመዋል እንዴ? ወደ ሌላ ታብ ደርሼ ስመለስ የነበርኩበትን ረስቶ ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል። አስተካክልልኝ። ደህና አድርገህ ተመልከተው ታዲያ!»

ልክ ነበርሽ። ከገጹ ስር የሚነኩ ሦስት ታቦች አሉ፦ «ጉዞ ፈልግ»፣ «ትኬቶቼ» እና «ስለ እኔ»። «ትኬቶቼ»ን ስትነኪ ከላይ ሌላ ሦስት ይወጣሉ፦ «የሚመጡ»፣ «ያለፉ»፣ «የተሰረዙ»። ታብ ውስጥ ታብ ማለት ነው። ገጾቹን የሚስልልን ልጅ፣ «ሠዓሊው» የምንለው፣ ገና ሲያየው ነበር የሳቀብኝ።

«ሽንኩርት ነው እንዴ የምትሠራው? ሰው እያለቀሰ ሲልጥ ይኑር? ደሞስ የተሰረዘ ጉዞ ማን ከፍቶ ያያል?»

«ሰው የተወውንም ነገር መልሶ ማየት ይፈልጋል» አልኩት። ተከራከርኩ፤ አሸነፍኩ። ባላሸንፍ ኖሮ ዛሬ ምሳዬን እበላ ነበር።

ለማንኛውም፣ ውስጠኛው ታብ ቦታውን እንዲያስታውስ አድርጌ አስተካከልኩት፤ ስልክሽ ላይ ጫንኩት፤ ከፈትኩት። አስታወሰ። በሕይወቴ የሠራሁት ነገር እንዲህ በትክክል ሠርቶ አያውቅም። ቀጥታ «የተሰረዙ» ላይ ወሰደኝ።

ገጹን በጣቴ ወደ ላይ ገፋሁት፤ ትኬት። ገፋሁት፤ ትኬት። እንደገና ገፋሁት። የሙከራ መረጃ የገባብን መስሎኝ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። እንዳለ አለ። ሁሉም ከዚህ ተነስተው ዋናው መሥሪያ ቤታችን ወዳለበት ከተማ የሚሄዱ ናቸው። መመለሻ የላቸውም፤ ሁሉም ላይ አንድ ወንበር ብቻ። ማታ ይቆረጣል፣ ሳይነጋ ይሰረዛል። መስኮት ዳር ስትቀመጥ የሚያዞራት እህቴ ሁሉንም መስኮት ዳር ይዛለች። ሰው ከጨከነ ማዞሩም ይተወዋል ማለት ነው ብዬ ቁጭ አልኩ። የተቀመጥኩት ወለሉ ላይ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

እትዬ፣ እዚያ ከተማ ማን አለሽ? ምን አጎደልኩብሽ? እናታችን ካረፈች ወዲህ እንዳንለያይ ብዬ ያላደረግሁት ምን አለ? አምና እዚያው ዋናው መሥሪያ ቤት የቡድን መሪ ሁንልን ሲሉኝ፣ «እህቴን ብቻዋን ጥዬ አልሄድም» ብዬ መመለሴን ነግሬሽ የለም? ያኔ ተነስተሽ ሳህን ማጠብ ጀመርሽ። ንጹሖቹንም አጠብሻቸው። እኔማ ልብሽ ተነክቶ ነው ብዬ ነበር።

ልብሴን ማጠብ ሰልችቶሽ ከሆነ እኔው አጥባለሁ። ማብሰልም እለምዳለሁ፤ ከኔ የባሱ ሰዎች ሲያበስሉ አይቻለሁ። ሳሎኑን የሞላሁበትን ሽቦና አሮጌ ስልክ ሁሉ ዛሬውኑ አነሳለሁ። ጓደኞችሽ ሲመጡ መሐላችሁ ገብቼ ስለ ሥራዬ አላወራም። ሌላም ካለ ንገሪኝ። ብቻ አትሂጂብኝ። ፊት ለፊት እንዳልጠይቅሽ ድምፄ ይከዳኛል፤ ለዚህ ነው ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት።

ስልክሽ ተስተካክሏል። ከእንግዲህ የነበርሽበትን አይረሳም። በሰላም ግቢልኝ።

ያላንቺ የማይሆንለት፣
ወንድምሽ

ከፈረምኩ በኋላ የጨመርኩት፦ «የሚመጡ» ውስጥ ለነገ ጠዋት የተቆረጠ፣ እስካሁን ያልተሰረዘ ትኬት አገኘሁ። ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ልይ ብዬ ነካሁት። እዚያም ውስጥ «መንገድ» እና «ተሳፋሪ» የሚሉ ሁለት ታቦች አሉ፤ ራሴ ነኝ የሠራኋቸው። ሁለተኛውን ከፈትኩት። ተመልሼ የተሰረዙትንም አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። የሁሉም ተሳፋሪ ስም የእኔ ነው።