ሜሮን የላከችው ፓራውልት

ሰኞ፣ ኅዳር 9

አይገጥምም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። የቀኙን ጥግ ሳስገባ የግራው ይወጣል፤ የግራውን ስገፋ መሀሉ ያብጣል። ከስድስቱ የቡሎን ቀዳዳዎች የተገናኙት ሁለት ብቻ ናቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ግቢው ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኬ ነበር፤ ጉልበቴ እስካሁን ይጠዘጥዘኛል።

ካርቶኑ ትናንት ነው አዳማ የደረሰው፣ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ጣራ ላይ ተጭኖ። ያዘዘችው ልጄ ሜሮን ናት። ለመኪናዬ አንድ የፊት ፓራውልት፣ በበሮቹ ሥር የሚታሰሩ ሁለት የጎን ሽፋኖች፣ ለኋላው ስፖይለር። ሁሉም ፋይበር፣ ሁሉም ያልተቀባ። ከላይ አንድ ወረቀት አለ፦ «አባዬ፣ የሰበርኩትን መመለሴ ነው። ቅዳሜ እመጣለሁ። አድራለሁ።»

አድራለሁ የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። ሜሮን የምትሠራው አዳሚ ቱሉ አጠገብ ያለ የአትክልት እርሻ ውስጥ ነው፤ ሩቅ አይደለም። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት አላደረችም። ለበዓል ትመጣለች፣ ምሳ ትበላለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ቦርሳዋን ታነሳለች።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ከላንጋኖ ስንመለስ እሷ ትነዳ ነበር፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ወር አልሞላትም። ቡልቡላ ላይ የአህያ ጋሪ ገባባት። አህያውን አዳነች፣ ድንጋይ መታች፣ ፓራውልቱ ተሰነጠቀ። እኔ ወርጄ መንገድ ላይ ጮህኩባት። ሰው ተሰበሰበ። «አንቺ የነካሽው ነገር መቼ ነው ደህና የሚሆነው?» አልኳት። ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀምጣ በሚኒባስ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ፓራውልቱ በሽቦ ታስሮ ነው የሚሄደው።

ዛሬም አልገጥም ሲለኝ አፌ አላረፈም። «አንድ ዕቃ እንኳ አጣርታ ማዘዝ ያቅታታል?» አልኩ። ባለቤቴ ሰብለ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ዞር እንኳ አላለችም።

«ደውልና ለራሷ ንገራት» አለችኝ። «ከዚያ ሌላ ሁለት ዓመት ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ከማስተምርበት ክፍል እንደወጣሁ መኪናዋንና ዕቃዎቹን ይዤ ወንጂ መንገድ ወዳለው ወደ ኦቦ ቱፋ ጋራዥ ሄድኩ። ኦቦ ቱፋ በባትላሜራ ሥራ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። እጃቸውን አምናለሁ፤ አፋቸውን እታገሣለሁ።

«አካም ኦልቴ፣ ኢንጂነር! ዛሬ ደግሞ ማን አናደደህ?»

የለካሁትን ወረቀት ሰጠኋቸው።
— የቀኝ ክፍተት፦ 3 ሚሊ ሜትር
— የግራ ክፍተት፦ 22 ሚሊ ሜትር
— የመሀል እብጠት፦ 9 ሚሊ ሜትር
— የጎን ሽፋኖች፦ ሁለቱም በአንድ ጣት ያጥራሉ
— ስፖይለር፦ ይገጥማል፣ ግን አያምርም

ወረቀቱን አላዩትም። ፓራውልቱን ገልብጠው ውስጡ ላይ የተለጠፈውን ምልክት በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። 1991 ይላል።

«ይሄ የመጀመሪያዎቹ ነው። ያንተ የመጨረሻዎቹ። እናትና ልጅ ናቸው፣ መልካቸው አንድ፣ መንጋጋቸው ለየብቻ።»

ልክ ናቸው። የኔ መኪና በፈረንጅ የ1999 ሞዴል ነው። ይህን ባለ ሁለት በር፣ ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና አሥር ዓመት ያህል በአንድ ዓይነት አካል ነው የሠሩት፤ በመሀል ግን የፊቱን ማሰሪያና የጎኑን መስመር ቀይረዋል። የስምንት ዓመት ስህተት!

«ቆርጬ ላስገባልህ?» አሉኝ።

«ማንም እንዳይቆርጠው። ስህተት ላይ ስህተት አይሠራም።»

«እንግዲያው አቅፈኸው ተኛ።»

ቤት ስገባ ለሜሮን መልእክት ጻፍኩላት። በአራት ነጥብ። አንደኛ፣ መኪናው የስንት ሞዴል እንደሆነ። ሁለተኛ፣ የላከችው የስንት እንደሆነ። ሦስተኛ፣ ከማዘዝ በፊት መጠየቅ እንደሚገባ። አራተኛ፣ ይመለስ እንደሆን ነጋዴውን እንድትጠይቅ። አመሰግናለሁ የሚል ቃል የለበትም፤ አሁን ደግሜ ሳነበው ነው ያየሁት።

መልሷ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መጣ። «እሺ አባዬ።»

ለእናቷ ደግሞ ለብቻ ጻፈችላት፦ ቅዳሜ ሥራ ሳይኖርባት አይቀርም።

ሰብለ ስልኩን አሳየችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ጠዋት ለሰብለ ማስረጃ ላሳያት ብዬ የመኪናዋን ደብተር አወጣሁ። መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ የተቀየረ ዘይት፣ የተቀየረ ጎማ፣ ሁሉም ከነቀኑ አለበት። ማንም ሊከራከርበት የማይችል ደብተር ነው።

የመጀመሪያው ገጽ፣ ሦስተኛው መስመር፣ በራሴ እጅ፣ በራሴ ሰማያዊ እስክሪብቶ፦ «ሞዴል፦ 1991።»

ቁጭ አልኩ።

ዓመተ ምሕረት አይልም። በፈረንጅ አይልም። ባዶ ቁጥር። እኔ ከአንድ መልስ ጎን ሜትር ወይም ኪሎ ግራም ካልተጻፈ ዜሮ የምሰጥ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት እንኳ ለዘጠኝ ተማሪዎች ሰጥቻለሁ፤ አንዷ ቢሮዬ ድረስ መጥታ አልቅሳለች።

«ይህን ገጽ ማን አሳያት?» አልኩ።

«እኔ ነኛ» አለች ሰብለ። «ድንገት ላስደስተው ብላ ለመነችኝ። ፎቶ አንስቼ ላኩላት። በእኛ ነው በፈረንጅ ብላ ጠይቃኛለች ደግሞ። አባትሽ የመኪና ነገር በፈረንጅ ነው የሚጽፈው አልኳት። ዋሸሁ?»

አልዋሸችም። ከዚህ ገጽ በቀር ሁሉም በፈረንጅ ነው። ይህ ለምን በእኛ ሆነ? መነጽሬን አድርጌ ወደ ታች ወረድኩ። ከመስመሩ ሥር፣ ፎቶው ላይ ያልገባ፣ በእርሳስ የተጻፈ ትንሽ ነገር አለ፦ «ከሜሮን ጋር እኩያ።»

ሜሮን የተወለደችው በ1991 ነው። ሊብሬውን የሞላልኝ ሰው ዓመቱን ወደ እኛ ሲመልሰው ያን ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ አሁን ትዝ አለኝ። ይህን መጻፌን ጨርሶ ረስቼው ነበር።

ሦስት ጊዜ ደወልኩላት። አታነሳም። መልእክት መጻፍ ጀመርኩና ተውኩት፤ አራት ነጥብ እየሆነ አስቸገረኝ።

ከሰዓት ኦቦ ቱፋ ጋ ተመለስኩ።

«ይቆረጥ።»

«ትናንት ማንም እንዳይቆርጠው ያልከው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ። የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ።»

መዶሻቸውን አስቀምጠው አዩኝ። «ይሄን ቃል ድገምልኝ እስቲ። ላሜራ ስቀጠቅጥ ኖሬ ጆሮዬ ደክሟል።»

ደገምኩላቸው። ከዚያ መጋዙን ራሴ ያዝኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

የግራውን ጥግ ትናንት ቆርጠን በፋይበር ቀጠልነው። አዲስ ማሰሪያ ከላሜራ ቆረጡልኝ፤ ቀዳዳዎቹን እኔ ለካሁ፣ እሳቸው በሱ። ዛሬ በማለዳ ስቱኮውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። ሁለት ሰዓት ላይ ግራጫውን መነሻ ቀለም ነፋንበት፤ ልክ እንደ እንቁላል ቅርፊት ሆኖ ነበር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከተማው በሙሉ ቆሻሻውን ማቃጠል ጀመረ። ኅዳር ሲታጠን! ሰብለ ገና በሌሊት ነጠላዋን ለብሳ ሚካኤል ስትሄድ እያየኋት ቀኑን ዘነጋሁት። ከጋራዡ አጥር ወዲያ ያለችው ሴትዮ የደረቀ ቅጠልና አሮጌ ፍራሽ ነው የለኮሰችው። ጥላሸቱ እየተንሳፈፈ መጥቶ እርጥቡ ቀለም ላይ አረፈ። እንደ ቁንዶ በርበሬ።

ጮህኩ። በሴትዮዋ ላይ፣ በፍራሹ ላይ፣ በነፋሱ ላይ። እሷም ከአጥሩ በላይ ብቅ ብላ «ጋሼ፣ በሽታ እንዲወጣ እኮ ነው! እርስዎም ትንሽ ይታጠኑበት!» አለችኝ።

ኦቦ ቱፋ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ጎማ ላይ ተቀመጡ። «ዜሮ ስጣቸው፣ ኢንጂነር። አዳማን በሙሉ ዜሮ ስጣት።»

እኔም ሳቅሁ። ጋራዥ ውስጥ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ አላውቅም። ጥላሸቱን በውኃና በብርጭቆ ወረቀት ስናነሳ ዋልን።

ሜሮን ዛሬም አላነሳችም። ለእናቷ ግን የቲማቲም ችግኝ ፎቶ ልካለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ገጠመ።

ስድስቱም ቡሎኖች ገቡ። የጎን ሽፋኖቹ ፊታቸው ላይ ቁራጭ ተጨምሮላቸው ከበሮቹ ሥር ተስተካክለው ተቀምጠዋል። ስፖይለሩን አሁንም አልወደድኩትም፤ ግን እሷ መርጣዋለች፣ ይቀመጣል። የግራው ክፍተት ከቀኙ በአራት ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አስፈትቼ እንደገና አሠራው ነበር። ቀይ ቀለሙም ገና አልተነፋም፤ መኪናዋ ቀይ፣ አፍንጫዋ ግራጫ።

«አራቱን ሚሊ አስተካክል ካልከኝ ደስ ብሎኝ እስከ ገና እሠራዋለሁ» አሉኝ ኦቦ ቱፋ። «ልጅቷ ግን ነገ ናት።»

«ነገ አትመጣም።»

«እሷ ካልመጣች አንተ እግር የለህም?»

ቤት ገብቼ ለሰብለ ነገርኳት። እሑድ የነቢያት ጾም ይገባል፤ የቅበላ ዶሮ ገዝታ አስራለች፣ ለማን እንደምትሠራው እንኳ ሳታውቅ። ያልተቀባ መኪና ይዤ ከተማ ለከተማ መሄድ ምን ይመስላል አልኩ። ሰብለ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ስማኝ። ቀለሙን አይታ አይደለም የምትመጣው። አብሬህ እንዳልሄድ ወንበሩ ሁለት ነው። ብቻህን ሂድና ብቻህን ተናገር።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

በሦስት ሰዓት ተነሳሁ። ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ። ከሰማንያ በላይ አልነዳሁም፤ ጆሮዬ ሁሉ ፊት ለፊት ነበር። መቂ ላይ ትራፊክ አስቆመኝ። መኪናዋን ዞሮ አያት።

«አባት፣ አፍንጫዋን ምን ነካው?»

«ጉንፋን ነው» አልኩት። በሕይወቴ ለትራፊክ ቀልጄ አላውቅም። ወረቀቴን ሳያይ አሳለፈኝ።

እርሻው በር ላይ ዘበኛው አስጠራልኝ። ሜሮን በጭቃ ቦቲ መጣች፣ ኮፍያዋን እንዳደረገች። እኔን ሳይሆን መኪናዋን ነው ያየችው። ቆመች።

«አልገጠመም አላልክም እንዴ?»

ደብተሩን ገልጬ ሰጠኋት። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ አንዱም አልወጣም። «ሦስተኛው መስመር» አልኩ ብቻ። «የኔ ጽሑፍ ነው። አንቺ ያነበብሽው ልክ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ።»

አነበበች። ከዚያ ዓይኗ ወደ እርሳሱ ወረደ። እዚያ ላይ ብዙ ቆየች። ደብተሩን ስትመልስልኝ ጣቷ ጭቃ ስለነበር ገጹ ላይ ምልክት ቀረ። አልጠረግኩትም።

«የቡልቡላውንም...» አልኩና ቆምኩ።

«የቡልቡላውን ምን?»

«የተናገርኩሽን።»

«ምን አልከኝ?»

ታውቀዋለች። እንድለው ፈለገች። ቃል በቃል አልኩት፣ ዘበኛው እየሰማ። ከዚያ «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ» አልኳት።

«ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ነገር ስነካ ድምፅህ ነው የሚሰማኝ። ችግኝ ስተክል ሳይቀር።»



የራሷን አፍንጫ በእጇ ጀርባ ጠረገችና ፓራውልቱ ፊት ቁጢጥ አለች። ጣቷን በቀኙ ክፍተት፣ ከዚያ በግራው አስገባች።

«ግራው ሰፍቷል።»

«በአራት ሚሊ።»

«አምስት ይሆናል።»

«አራት ነው፤ ለክቼዋለሁ።»

«በምን?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ቦርሳዬን ላምጣ ብላ ገባች። ቦርሳው ትልቅ ነበር፤ የማደሪያ ቦርሳ። ሞጆ እስክንደርስ አፏን ከፍታ ተኛች።

እሑድ፣ ኅዳር 15

አደረች። የድሮ ክፍሏ ውስጥ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ።

ከቅዳሴ መልስ ቁልፉን ጠየቀችኝ። እናቷን ሶደሬ መንገድ ድረስ ልታንሸራሽራት። ሰጠኋት። «ማርሹን ስትቀይሪ...» ብዬ ጀመርኩ፤ ሰብለ አየችኝ፤ ሄጄ በሩን ከፈትኩላቸው። ከበሩ ሲወጡ ግራጫዋ አፍንጫ ወደ ግራ ዞረችና ጠፋች።

ከሄዱ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ። አልደወልኩም። የተማሪዎቼን ፈተና አውጥቼ እነዚያን ዘጠኝ ወረቀቶች እንደገና እያየሁ ነበር። ለሂሳቡ ግማሽ ነጥብ ሰጠኋቸው። ከግማሽ በላይ አይቻልም።

አሁን ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ፣ ከሰማንያ ሳልፍ ግራው ይንቀጠቀጣል። አቁሜ አየሁት፣ አንዱ ቡሎን ላልቷል። መፍቻ ደግሞ የለም። እማዬ በነጠላዋ እንሰረው ትላለች። ምን ላድርግ?»

ከኋላ የሰብለ ሳቅ ይሰማል። የከባድ መኪና ድምፅም ያልፋል። ምን ማድረግ እንዳለባት በትክክል አውቃለሁ፤ ቢያንስ አምስት ነገር፣ በቅደም ተከተል።

«አንቺ አይደለሽ እዚያ ያለሽው» አልኳት። «እንደመሰለሽ አድርጊው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ።»

«እሺ» አለችና ዘጋችው።

በምን እንዳሰረችው አላውቅም። ገና አልተመለሱም። ሻዩን ጥጄዋለሁ።